ጠረጴዛው ሲፋቅ፦ ከመተማ ቆላ እስከ ጎንደር አናጺ ቤት

አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያስወግድ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከዛጉ የፋይል ሣጥኖች መካከል ብዙ ጊዜ አንድ ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ አይጠፋም። ቀለሙ ተላልጧል፤ አንድ እግሩ ይወላገዳል፤ በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር አለ። የሚገዛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርገዋል። ወይ ፈልጦ ያነደዋል፤ ወይ አናጺ ቤት ይወስደዋል።

አናጺ ቤት ከገባ የዛሬው ሥራ የድሮውን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ድሮ አናጺው መላጊያውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ቀናት ያጎነብስበት የነበረውን ገጽ፣ ሳንደር የሚባለው የኤሌክትሪክ ማለስለሻ መብራት እስካለ ድረስ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ አረንጓዴው የዘይት ቀለም ይነሣል። ከሥሩ ቡናማ፣ ከቡናማው ሥር የጠቆረ ቬርኒሽ ይወጣል። በመጨረሻ፣ ጠረጴዛው ዋንዛ ከሆነ፣ ቀላ ያለው ቡናማ እንጨት ከነመስመሩ ብቅ ይላል። ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይገረማል። “ይህን የመሰለ እንጨት ማን ቀለም ቀባው?” ይላል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን አናጺ ቤቱ ውስጥ አያልቅም። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ የእንጨትም፣ የእጅ ሙያም፣ የጦርነትም መንገድ ነው። ያ ጠረጴዛ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ለምንስ እንደተናቀ ለማወቅ ይህን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የፈርዖን ወንበር እንጨት

በመተማና በቋራ ቆላ ደረቅ ደን ውስጥ ከሚበቅሉት ዛፎች አንዱ ልቡ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ መጥረቢያ የሚመልስ፣ ውኃ ላይ ቢጥሉት የሚሰጥም እንጨት ያለው ነው። አባቶች ዞጲ የሚሉት ጥቁር እንጨት ይህ ነው። ዛፉ ራሱ ሲያዩት አያስደንቅም፤ አጭር ነው፣ እሾሃም ነው፣ ግንዱ ጠማማ ነው። ብዙ ጊዜ አጥር ወይም ከሰል ሆኖ ይቀራል።

የጥንት ግብፃውያን ግን ዋጋውን ያውቁት ነበር። “ሀበኒ” ብለው ይጠሩት የነበረው እንጨት ዛሬ የእንጨት ተመራማሪዎች ከሚለዩት ከዚሁ የዛፍ ዝርያ ነው፤ ግሪኮች “ኤቤኖስ” ያሉት፣ ኋላም በአውሮፓ ቋንቋዎች የገባው ስም የተወለደው ከዚያ ቃል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1470 ዓመት ገደማ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከችው ቡድን ይዞ የተመለሰው ዕጣንና ጥቁር እንጨት ደይር ኤል ባህሪ በሚባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ ብዙዎቹ የሚያመለክቱት ምሥራቅ ሱዳንን፣ ኤርትራንና ሰሜን ኢትዮጵያን ነው። ዕጣኑና ዞጲው ጎን ለጎን የሚበቅሉበት አገር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንክሃሙን መቃብር ሲከፈት ከተገኙት ዕቃዎች መካከል ንጉሡ በልጅነቱ የተቀመጠበት ከጥቁር እንጨት ተሠርቶ በዝሆን ጥርስ የተጌጠ ትንሽ ወንበር አለ። ከ3,300 ዓመት በኋላም መገጣጠሚያው አልተለያየም። ያን ወንበር የሠራው አናጺ ሳንደር አልነበረውም። እንጨቱን ያለሰለሰው በአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን በእጁ ይዞ ወደፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ። የማለስለስ ሥራ መሠረቱ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፤ ጠንካራ ቅንጣት ለስላሳውን ይፍቃል። የተለወጠው ቅንጣቱን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ነው።

ጆን ኦኪ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1833 ለንደን ውስጥ የተፈጨ ብርጭቆ በወረቀት ላይ በሙጫ እየለጠፈ በብዛት መሸጥ ጀመረ። የአማርኛው “ብርጭቆ ወረቀት” ይህን የቆየ አሠራር በስሙ ይዞ ቀርቷል፤ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ወረቀት ላይ ያለው ግን ብርጭቆ ሳይሆን በፋብሪካ የተዘጋጀ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ፖርተር ኬብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በእጅ የሚያዝ ባለቀበቶ የኤሌክትሪክ ማለስለሻ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በጎንደር አናጺ ቤቶች የሚጮኸው ማሽን የዚያ ዘር ነው።

ማዕድ፣ ገበታ፣ ጠረጴዛ

ኢትዮጵያ ውስጥ የእንጨት ጠረጴዛ እንደ ቤት ዕቃ ረጅም ዕድሜ የለውም። ቃሉ ግን የቆየ ነው። “ጠረጴዛ” ከግሪኩ “ትራፔዛ” የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ባለአራት እግር ማለት ነው። ግዕዙ “ማዕድ” ይለዋል፤ ዛሬም “ማዕድ ቀረበ” ስንል የምናስበው ምግቡን እንጂ እንጨቱን አይደለም። “ገበታ” ደግሞ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሰፊ የእንጨት ሣሕን ነበር፤ የግብር አዳራሽ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ የሚቀርበው በመሶብ ስለነበር ባለአራት እግሩ ጠረጴዛ የመጣው ከመንግሥት ጋር፣ ከጽሕፈት ጋር፣ ከማኅተም ጋር ነው። ሰው ጠረጴዛን ያወቀው ምግብ ለመብላት ሳይሆን ከማዶው ለተቀመጠ ሹም አቤት ለማለት ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

እንጨት በጎንደር ግን በሌላ መልክ ነበር። የአብያተ መንግሥታቱ ወለልና ጣሪያ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ በርና መስኮት፣ የመቅደሱ መንበር፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሁሉ እንጨት ነው። በጎንደር ዘመን ድንጋዩን ከጠረቡትና እንጨቱን ካነጹት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል እጆች ዋና ነበሩ። ወንዶቹ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። መሬት እንደ ልባቸው እንዳይዙ ሲከለከሉ ሙያ ያዙ፤ ሙያ ሲይዙ ደግሞ በሙያቸው ተሰደቡ። ቀን ቤተ መንግሥት ያሠራቸው ሰው ማታ “ቡዳ ናቸው” ብሎ ይሸሻቸው ነበር።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ የአንድ አካባቢ ሳይሆን የአገር በሽታ ስለነበር ነው። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቀረ ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚሠራው እጅና የሚከበረው እጅ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የተሠራው ዕቃ ቶሎ መናቁም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሠሪው ስም ከሌለው ዕቃው ታሪክ አይኖረውም።

የመተማ ገበያና የንጉሥ ሣጥን

መተማ የገበያ አገር ናት። ከጎንደር የሚወርደው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ፈረስ፣ ከሱዳን የሚመጣው ጥጥ፣ ጨርቅና ዶቃ እዚያ ይገናኙ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥባት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ ያለፈው በዚሁ ቆላ፣ ራስ አልፊል በተባለው አገር ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምም በ1858 ዓ.ም. ወደ አጼ ቴዎድሮስ ሲመጣ የገባው በመተማ በኩል ነበር። ገበያውን ከያዙት መካከል ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ተነሥተው በዚያው የቀሩ ተክሩሮች ነበሩ። ድንበር ማለት አጥር ሳይሆን መገናኛ የነበረበት ዘመን ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው የሂወት ውል አጼ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። ወታደሮቹ ወጡ፤ የማህዲስቶቹ ጠብ ግን ከኢትዮጵያ ጋር ሆነ። በጥር 1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን አጠቁ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ሳር ውኃ ላይ ንጉሡን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ። በዚያ እሳት የነደደው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ለሁለት መቶ ዓመት በአናጺ እጅ የተሠራው በር፣ መስኮት፣ መንበርና ጣሪያ አብሮ ነደደ። ዛሬ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሲያይ የሚያየው ከብዙ የተረፈችውን አንዷን ነው።

አጼ ዮሐንስ ለዚህ መልስ ሊሰጡ መተማ ዘመቱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦራቸው ቅጥሩን ሰብሮ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ ድሉ ተቀለበሰ፤ በማግሥቱ አረፉ። አስከሬናቸው በሣጥን ሆኖ ወደ ሰሜን ሲጓዝ የዘኪ ጡማል ጦር አትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሶ ማረከው፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። መተማ ዮሐንስ የሚለው የከተማው ስም የዚያን ቀን መታሰቢያ ነው። አንድ ንጉሠ ነገሥት ከዚያ ቆላ ይዞት የወጣው የመጨረሻ ዕቃ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ እሱም አገሩ አልደረሰም።

ከጣሊያን የቀረ ቃል

አናጺ ቤት ገብቶ የሚነገረውን ያዳመጠ ሰው ሌላ ታሪክ ይሰማል። ኮላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ስቱኮ፣ ትራፓኖ። እነዚህ ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው። አምስቱ የወረራ ዓመታት ከምንም በላይ ጥለውት የሄዱት ይህን የሙያ ቃል ነው። የጎንደር ፒያሳ ሕንፃዎች ሲሠሩ ለነዚያ ሕንፃዎች የሚሆን በር፣ መደርደሪያና ጠረጴዛ አብሮ ይሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛም ማሽኑንና ስሙን አብሮ ተማረ። ሙያው ከነቃሉ ቀረ፤ ወራሪው ሄደ።

አካሄዱ ግን በመተማም በኩል ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ኋላ ታላቅ ስም ያገኘው የያኔው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ከሱዳን በኩል ገላባትን አጠቃ። ገላባት ተያዘች፤ መተማ ግን አልተያዘችም። ታንኮቹ በድንጋዩ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ፤ ከሰማይ የወረደው የጣሊያን ቦምብም የተያዘውን ምሽግ እንዲለቁ አስገደዳቸው። ጣሊያኖች መተማን የለቀቁት ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ በጭልጋ መንገድ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ ነው። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀች። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻዋ የጣሊያን ምሽግ እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ቢሮው የኢትዮጵያ ቢሮ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ነበር። አናጺነት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ክፍለ ሀገር በዲፕሎማ የሚመረቁበት ሙያ ሆነ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ዴስክ፣ የፍርድ ቤቱ አትሮኖስ፣ የወረዳው ጠረጴዛ በብዛት የተሠራው በነዚያ ዓመታት ነው። የተሠራውም በአብዛኛው ከዋንዛ፣ ከጽድና ከዝግባ ነው፤ ያኔ ዛፉ ነበራ።

አረንጓዴውና ግራጫው የዘይት ቀለም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ምክንያቱ ውበት አልነበረም። የመንግሥት ንብረት አንድ መልክ እንዲኖረው፣ ቢሰረቅ እንዲታወቅ፣ በየጊዜው ከመጠገን አንድ ጊዜ ቀብቶ ለመገላገል ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሥዕሉ ከግድግዳው ይወርዳል፤ ጠረጴዛው ግን ሌላ ቀለም ተቀብቶ ይቀጥላል። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ ሑመራንና መተማን ሲይዝ፣ ደርግ መልሶ ሲይዝ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ ሲገባ የተለወጠው ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነበር።

በዚያው መንገድ የወጡ እጆች

በዚህ መሐል አንድ ሌላ ጉዞ አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከጎንደር ዙሪያና ከሰሜን የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት እየተጓዙ በምዕራቡ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ሠፈር ተከማቹ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው “ዘመቻ ሙሴ” ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት በአውሮፕላን እስራኤል ሲገቡ፣ በመንገድና በሠፈሩ 4 ሺህ ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ እንዳለቀ ይገመታል። ቋራ ቀርተው የነበሩት ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ተከትለው ሄዱ።

ጎንደርን ያነጹ እጆች በዚህ መልክ ወጡ። የወጡት ሃይማኖታዊ ናፍቆታቸው ጠርቷቸው ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተወለዱበት አገር ለዘመናት “የእኛ አይደላችሁም” ሲላቸው መኖሩም እውነት ነው። ጎንደር ዳር ወለቃ ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው የሸክላ ምስል የቀረ ስማቸው ነው። አናጺነታቸውን ግን ማንም እንደ ቅርስ መዝግቦ አላስቀመጠውም።

ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተች። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ስደተኞች ዳግም ገቡባት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦርነት ፈነዳና አቅጣጫው ተገለበጠ፤ ከካርቱም የሸሸው ሰው በገላባት ድልድይ ተሻግሮ መተማ ገባ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩት ሱዳናውያን የደረሰባቸውን መከራ የዜና ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ትውልድ የሸሸበት መንገድ ለሌላው መጠለያ ሲሆን ማየት በዚህ ቆላ አዲስ ነገር አይደለም።

ዛፉ የት ሄደ?

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። አዲስ የዋንዛ ጠረጴዛ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያው ነገር ዋጋ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የወጣው ዛፎቹ እያለቁ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከውጭ በሚገባ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ የተሠራ፣ ላዩ የእንጨት ሥዕል ያለበት ወረቀት የተለጠፈበት ጠረጴዛ ነው። ውኃ ከነካው ያብጣል። ብሎኑ ከለቀቀ ተመልሶ አይይዝም። ሊፋቅም አይችልም፤ ከሥሩ የሚወጣ ነገር የለውምና።

በቆላው ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው ብዙ ሺህ አባወራ ወደ መተማና ቋራ ወርዷል። ሰው ርቦታልና መሬት መስጠት ግድ ነበር። ሰሊጡና ጥጡም ገንዘብ አመጣ። መሬቱ የተገኘው ግን ከደኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በወጣ ጥናት፣ በመተማ ወረዳ የዕጣን ዛፎችን ዛፍ በዛፍ የተከታተሉ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ነገሩ ባለበት ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚጠፉ፣ የዕጣኑ ምርትም በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ አሰሉ። አስደንጋጩ ነገር ትልልቆቹ መሞታቸው ብቻ አልነበረም፤ ለአሥርት ዓመታት አንድም ችግኝ አድጎ ዛፍ ለመሆን አለመድረሱ ነው። እሳት ይበላዋል፤ ከብት ይበላዋል፤ የቀረውን ጥንዚዛ ይጨርሰዋል።

ከዚያ ስሌት ወዲህ 15 ዓመት ሊሞላ ነው።

የዕጣን ዛፍ የሚደማው ቅርፊቱ በስለት በትንሹ እየተላጠ ነው። የሚያውቅ ሰው በጥቂቱ ይልጣል፣ ያሳርፋል፣ ይመለሳል። የቸኮለ ሰው አብዝቶ ይልጣል፤ ዛፉ ይደርቃል። ይህ ልክ የማወቅ ነገር ነው፤ ከማሽኑም ጋር የሚያገናኘው ይኸው ነው።

ማሽኑና ልኩ

ሳንደር ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ግን አይጠይቅም። ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ሸካራ ወረቀት፣ ለምሳሌ 80፣ አሮጌ ቀለም ያነሣል። ከዚያ 120፣ ቀጥሎ 180፣ በመጨረሻ 220 ይመጣል። ደረጃ የዘለለ ሰው ቬርኒሽ ሲቀባ የተደበቀው ጭረት ሁሉ አፍጦ ይወጣበታል። ማሽኑ ከእንጨቱ መስመር ጋር ይሄዳል እንጂ አያቋርጥም። አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ይቦረቡራል፤ ክብደት ከተጫነበት ደግሞ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ርዝመቱ 140 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠረጴዛ ገጽ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ መፋቅ አንድ ሊትር የሚጠጋ እንጨት ወደ ብናኝ መለወጥ ነው። ባለ ሦስት ሳንቲ ሜትር የዋንዛ ጣውላ ይህን ብዙ ጊዜ ይችላል፤ ዕድሜውን በሙሉ ሦስትና አራት ጊዜ ቢታደስ አይጎዳም። በኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ማሽኑ በአንድ ምልልስ ሊጨርሰው ይችላል። ሳይለዩ መፋቅ ማጥፋት ነው።

ብናኙም ቀልድ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። አሮጌው የዘይት ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችው በቅርቡ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ አረንጓዴ ጠረጴዛ የተቀባው ከዚያ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው። በተዘጋ ክፍል፣ አፍና አፍንጫ ሳይሸፈን፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህን ቀለም በማሽን መፋቅ መርዝ መበተን ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በማሽን ከማቡነን ይልቅ እያረጠቡ በእጅ መፋቅ ይሻላል። እዚህ ላይ አሮጌው የእጅ ዘዴ አዲሱን ማሽን ይበልጠዋል።

ሌላም ሊፋቅ የማይገባው ነገር አለ። በጠረጴዛው ጎን ወይም በሆዱ ላይ ያለው የንብረት ቁጥር፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ምሕጻር፣ አናጺው በእርሳስ የተወው የልክ ምልክት። እነዚህ ተራ ነገሮች ይመስላሉ። ነገር ግን ጎንደር በ1880 ዓ.ም. ነድዳለች፤ መተማ ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ለእጅ ተለዋውጣለች፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጦርነት በክልሉ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መዝገቡ ከሌለ የሚቀረው ምስክር ዕቃው ነው። አንድ ጠረጴዛ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበረ፣ ስንት ጊዜ ቁጥሩ እንደተለወጠ በሆዱ ላይ ይነበባል።

“አገር እየታመሰ፣ ድንበሩ በስደተኛና በታጣቂ ተጨናንቆ ሳለ ስለ ጠረጴዛ ማውራት ምን ይባላል?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እዚያው ጥያቄ ውስጥ አለ። ይህ ቆላ የታመሰው ዛሬ ብቻ አይደለም። በታመሰ ቁጥር ያለውን አንድዶ፣ ያነጸውን አባርሮ፣ በአዲስ ቀለም ሸፍኖ እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ኖሯል። ያለን ነገር መጠገን የማይችል አገር ሰላም ቢመጣም የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም።

ማድረግ የሚቻለው ትልቅ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ያረጀ ዕቃቸውን ሲያስወግዱ ጥሩው እንጨት ከማገዶ ዋጋ በላይ እንዲሸጥ መለየት፤ ወይም የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች እያደሱት መልሶ ለትምህርት ቤት እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። አንድ የታደሰ ጠረጴዛ አንድ ያልተቆረጠ ዋንዛ ነው ማለት ባይቻልም፣ አንድ ያልተገዛ ቺፑድ ግን በእርግጥ ነው። ለአናጺውም የሥራ ቀን ነው። ልጁ አባቱን “አናጺ ነው” ብሎ በኩራት የሚጠራበት ዘመን የሚመጣው በአዋጅ ሳይሆን እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

አሮጌ ጠረጴዛ ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ ከማሽኑ በፊት ይገልብጠው። ከታች የተጻፈውን ያንብብ፤ ፎቶ ያንሣው። ከዚያ ላዩን ይፋቅ፣ ያለስልስ፣ ቬርኒሹን ይቀባ። ሆዱን ግን አይንካው።